ኮልብሩክዴል፦ ብረት ሲቀልጥበት የኖረ ሸለቆ

ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሽሮፕሸር ውስጥ፣ ወደ ሰቨርን ወንዝ የሚወርድ ጠባብ ሸለቆ አለ። ኮልብሩክዴል ይባላል። ዛሬ ዛፍ የለበሰ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ነው። አካባቢው ከ1986 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል (ዓመታቱ እዚህ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

የእግር ጉዞው ከአሮጌው ማቅለጫ ምድጃ ቢጀመር ይሻላል። ብረት አቅላጩ አብርሃም ዳርቢ በ1709 ብረትን በኮክ፣ ማለትም ከስሎ ድኙ በወጣለት የድንጋይ ከሰል፣ ያቀለጠው እዚህ ነው። ያኔ ብረት የሚቀልጠው በእንጨት ከሰል ነበር። የድንጋይ ከሰል እንዳለ ከተጨመረ ድኙ ብረቱን ያበላሸዋል። ዳርቢ መጀመሪያ ከሰሉን አክስሎ ኮክ አደረገው። የሚገርመው፣ የሰውየው ሐሳብ መድፍ አልነበረም፤ ድስት ነው። ረከስ ያለ የብረት ድስት ሠርቶ መሸጥ።

ከምድጃው በላይ ኩሬ አለ። ወናፉን የሚያስነፋው መንኮራኩር የሚዞረው በዚህ ውሃ ነበር። ውሃው ሲያንስ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ በ1743 በእንፋሎት ሞተር ወርዶ ያለቀውን ውሃ ወደ ላይ መልሰው መግፋት ጀመሩ። ምድጃው ሥራ ካቆመ በኋላ ተቀብሮ ቆይቶ፣ ተቆፍሮ የወጣው በ1959 ነው።

ወደ ወንዙ ሲወርዱ የብረት ድልድዩ ይመጣል። የአብርሃም የልጅ ልጅ፣ ዳርቢ ሣልሳዊ፣ ቅስቱን ያቆመው በ1779 ነው። ቅስቱ ከዳር እስከ ዳር 30 ሜትር ገደማ፣ ብረቱ 378 ቶን ያህል። እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ መጋጠሚያው ነው። ጠጋ ብለው ይዩት፦ ብረቱ እንደ እንጨት ወንዴና ሴቴ ሆኖ ተሰክቶ፣ በሽብልቅ ጠብቋል። ብሎን ያለው ቅስቱ አናት ላይ፣ ሁለቱ ግማሾች በሚገናኙበት ነው። በብረት እንዲህ ያለ ትልቅ ድልድይ የሠራ ስላልነበረ፣ የአናጢ ሙያ ተበደሩ። መክፈያው ቤት ላይ ያለው ሰሌዳ ደግሞ ያስቃል፤ ወታደርም ሆነ ንጉሣዊ ቤተሰብ ሳይከፍል አያልፍም ይላል። ከ1934 ወዲህ መኪና አይሻገርበትም።

ወንዙን ተከትለው ከቀጠሉ፣ ኮልፖርት የምትባል መንደር አጠገብ ቁልቁለት ላይ የተዘረጋ ሐዲድ ያገኛሉ። ሄይ ይባላል፤ 63 ሜትር ገደማ ይወጣል። ጀልባ ከነጭነቱ ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ ከላይኛው ቦይ ወደ ታችኛው ይወርድበት ነበር። የሚወርደው ክብደት የሚወጣውን ይጎትተዋል። ሥራው በ1894 ቆመ። አሁን የሚታየው ሐዲድ በኋላ እንደገና የተነጠፈ ነው፤ ዳገቱ ግን ያው የጥንቱ ነው።