"ደረቅ መስጠም" ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዷ እናት ቪዲዮ ላከችልኝ፣ ሰውየው "ልጅዎ ከዋና ወጥቶ ሲስቅ ሲጫወት ሰንብቶ ከሳምንት በኋላ በተኛበት በደረቅ መስጠም ሊሞት ይችላል" እያለ ያስፈራራል፣ እሷም ልጄን ከዋና ላስቀረው ወይ ነው የምትለኝ። ላይፍጋርድም የዋና አሰልጣኝም ነኝ፣ ይሄን ቃል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ደረቅ መስጠም የሚባል በሽታ የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 አምስተርዳም ላይ ባለሙያዎች ተሰብስበው የተስማሙበት፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የተቀበለው ትርጉም አለ፦ መስጠም ማለት ሰው ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ መተንፈስ ሲቸግረው የሚጀምር ሂደት ነው። ሂደት እንጂ ሞት አላልኩም። የሰጠመው ሰው ሊሞት ይችላል፣ ጉዳት ይዞት ሊተርፍ ይችላል፣ ምንም ሳይሆንም ሊተርፍ ይችላል፣ ሶስቱም መስጠም ነው። ሳንባ ውስጥ ውሃ ገባ አልገባ ብሎ "ደረቅ" "እርጥብ" እያሉ መከፋፈሉ ይቅር የተባለውም ያኔ ነው።

እሳት አስቡ። ቤት ተቃጥሎ አመድ ሊሆን ይችላል፣ ግማሹ ሊተርፍ ይችላል፣ መጋረጃው ላይ እያለ ሊጠፋም ይችላል፣ እሳቱ ግን ያው እሳት ነው፣ ደረቅ እሳት የሚል ሰው የለም። የጠፋ መስሎ ፍም ከቀረ ደግሞ ይጨሳል። የሰጠመ ልጅም እንደዛው ነው፣ ሳንባው ከተጎዳ በሰዓታት ውስጥ ጭሱ ይታያል፦ ሳል አልለቅ ይለዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አፉ ላይ አረፋ ይወጣል፣ ይፈዛል። ያኔ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ እስኪነጋ እንይ የለም። ሳምንት ሙሉ ጭስ ሳይኖረው በስምንተኛው ቀን አመድ የሚሆን ቤት ግን የለም።

(ውሃ ትን ብሎት ሁለት ሶስቴ አስሎ ወደ ጨዋታው የተመለሰ ልጅን ሆስፒታል አታሯሩጡት። ራሱን ስቶ የነበረ ወይ ትንፋሽ የተሰጠው ሰው ግን "ደህና ነኝ" ቢልም ሐኪም ሳያየው ቤቱ አይገባም።)

"ሳንባው ላይ ብዙም ውሃ ያልተገኘበት ሬሳ አለ እኮ" ብሎ የተከራከረኝ አለ። ይኖራል፣ ውሃ ሲነካው ጉሮሮ ጥርቅም ሊል ይችላል። ግን ወንድሜ፣ የሚገድለው የኦክስጅን እጦት ነው፣ ሳንባው ውስጥ ማንኪያ ውሃ ይግባ ብርጭቆ እርዳታው አይለወጥም። ለዚህ ነው የማይተነፍስን ሰው ውሃው ይውጣ ብሎ ሆዱን መጫን፣ ልጅም ከሆነ ዘቅዝቆ ማራገፍ ጊዜ መግደል ነው የምንለው። መጀመሪያ ትንፋሽ ስጡት፣ ከዛ ደረቱን መጫን፣ የሰለጠናችሁ በስልጠናችሁ መሰረት፣ ሌላው ሰው ደግሞ እስከዛው አምቡላንስ ይጥራ።

ከእሳቱ ጋር የማይመሳሰለው አንድ ነገር ቢኖር ሰው እሳት ሲያይ ይጮሃል፣ የሚሰጥም ሰው ግን አይጮህም፣ ለመጮህ መጀመሪያ መተንፈስ አለበት። አንዴ የአምስት ዓመት ልጅ አውጥቻለሁ፣ ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ጋደል ብሏል፣ አፉ ከውሃው ብቅ ይላል ይጠልቃል፣ ፀጉሩ ዓይኑ ላይ ተለጥፎ አይጠርገውም፣ እጆቹ በጎንና በጎን ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፣ እግሩ አይራገጥም። ድምፅ የሚባል ነገር የለም። አባቱ ሶስት እርምጃ ላይ ቆሞ እየተጫወተ መስሎት ፈገግ ብሎ ያየው ነበር። እንደዛ ሆኖ የሚቆየው ቢበዛ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዛ ውሃው ስር ይገባል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. 300,000 ገደማ ሰው ሰጥሞ ሞቷል፣ ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ነው፣ የቪዲዮው ሰውዬ ግን እናቶችን የሚያስጨንቀው ስለሚመጣው ሳምንት ነው።

ለእናትየው "እህቴ፣ ልጅሽን ከዋና አታስቀሪው፣ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ግን እጅሽን ስትዘረጊ የምትነኪው ቦታ ላይ ሁኚ፣ ስልክሽንም ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው" ብዬ መለስኩላት።