«ካርዱ ስንት ጊጋ ነው?» እና ሌሎች የመጀመሪያ የጌም ኮምፒዩተር ገዢን የሚያሳስቱ አመለካከቶች

«ኮር አይ 7 ነው፣ ራሙ 16 ጊጋ ነው፣ ካርዱ 4 ጊጋ ነው። ጌም ያጫውታል?»

የሽያጭ ማስታወቂያ ያየ ሰው የሚጠይቀው ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። የተሰጡት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ስለ ፍጥነት አይናገሩም። አይ 7 የተባለው ፕሮሰሰር የ2011 ሊሆን ይችላል፣ የ2022ም ሊሆን ይችላል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። 16 ጊጋው አንድ ራም ይሁን ሁለት አልተነገረም። 4 ጊጋው ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ሥዕል ሠርቶ ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል) ደግሞ ስም እንኳ የለውም። ማስታወቂያ በዚህ መልክ የሚጻፈው ሁልጊዜ ካለማወቅ አይደለም፤ ሙሉ ስሙ ቢጻፍ ማንም የማይጠጋው ዕቃ በጊጋ ሲጻፍ ገዢ ያገኛል።

«ጊጋው የበዛ ካርድ ይበልጣል»

ከሁሉም የሚያሰለቸው ይኼኛው ስለሆነ እዚሁ ላይ እንቆይ። ካርዱ ላይ የተጻፈው ጊጋ የቪራም መጠን ነው፤ ካርዱ የጌሙን ሥዕሎችና ቴክስቸሮች የሚያስቀምጥበት ቦታ ማለት ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን ቺፑ ነው። በቺፑና በቪራሙ መካከል ያለው መንገድ ስፋት (በቢት ይለካል) እና የቪራሙ ዓይነት ደግሞ በሰከንድ ምን ያህል ዳታ እንደሚመላለስ ይወስናሉ። ጎተራው የቱንም ያህል ቢሰፋ በሩ ከጠበበ እህሉ ቶሎ አይወጣም።

ሁለት ባለ 4 ጊጋ ካርዶችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ጂቲ 730 በዲዲአር3 (ቀርፋፋ የቪራም ዓይነት) እና በ64 ቢት መንገድ ሲመጣ 384 ኮር (ቺፑ ውስጥ ሥዕሉን የሚያሰሉ ትንንሽ ክፍሎች) አለው፣ በሰከንድ 14.4 ጊጋባይት ያመላልሳል። ጂቲኤክስ 1650 በጂዲዲአር5 ሲመጣ 896 ኮር፣ 128 ቢት፣ በሰከንድ 128 ጊጋባይት ነው። ሁለቱም በማስታወቂያ ላይ «4 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ» ናቸው። አንዱ የዛሬን ጌም በዝቅተኛ ሴቲንግ ይገፋል፤ ሌላው ስክሪን ከማሳየትና በጣም ቀላል ጌም ከማስኬድ አያልፍም።

ይባስ ብሎ ስሙም ጊጋውም አንድ ሆኖ ካርዱ ሌላ የሚሆንበት አለ። ጂቲ 1030 በ2017 ሲወጣ 2 ጊጋ ጂዲዲአር5 ነበረው፣ 48 ጊጋባይት በሰከንድ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ስም፣ በዚያው 2 ጊጋ፣ ግን በዲዲአር4 ወጣ፤ ፍጥነቱ ወደ 16.8 ወረደ። ካርቶኑን በደንብ ያላየ ሰው ሦስት እጥፍ የጠበበውን ገዝቶ ይገባል።

ስሙ አንድ ሆኖ ጊጋው ሲለያይም ልዩነቱ የጊጋ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋው 1152 ኮር ነው፣ ባለ 6 ጊጋው 1280። አርቲኤክስ 3050 ባለ 8 ጊጋው 2560 ኮርና 128 ቢት ሲሆን ባለ 6 ጊጋው 2304 ኮርና 96 ቢት ነው። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው 192 ቢት፣ ባለ 8 ጊጋው 128 ቢት። አርኤክስ 580 ከስሙ ኋላ «2048» የሚል ቁጥር ከተጨመረበት ትክክለኛው ባለ 2304 አይደለም፤ የተቀነሰው ነው።

ታዲያ ቪራም ዋጋ የለውም ማለት ነው? አይደለም፤ ይህም ሌላኛው ጫፍ ነው። ቪራሙ ሲሞላ ካርዱ ትርፉን ከኮምፒዩተሩ ራም ላይ ማምጣት ይጀምራል። የሚያመጣበት መንገድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው፤ ሦስተኛው ትውልድ በ16 መስመር በሰከንድ ወደ 16 ጊጋባይት ያህል፣ በ4 መስመር ደግሞ ወደ 4 ጊጋባይት ያህል ብቻ ያሳልፋል። በዚህ ጊዜ አማካይ የፍሬም ቁጥሩ (በሰከንድ የሚታዩት ሥዕሎች ብዛት) ደህና ይመስላል፣ ጌሙ ግን በየሰከንዱ ይቆራረጣል። መፍትሔው ሁሉንም ሴቲንግ ዝቅ ማድረግ ሳይሆን መጀመሪያ ቴክስቸሩን ብቻ አንድ ደረጃ ማውረድ ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ የሚታማው በዚህ ነው፤ 4 ጊጋ ቪራም አለው፣ መስመሩም 4 ብቻ ነው። ራይዘን 5 5500 እና 5600ጂ ፒሲአይ ኤክስፕረስን በሦስተኛው ትውልድ ፍጥነት ብቻ ስለሚሠሩ ይህን ካርድ ከእነርሱ ጋር ማጣመር ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል። ዛሬ አዳዲስ ጌሞችን በ1080 የስክሪን ጥራት ለመጫወት ለሚያስብ ሰው 8 ጊጋ ምክንያታዊ መነሻ ነው፤ ግን እንደ አርኤክስ 6600 ያለ ደህና ቺፕ ላይ የተቀመጠ 8 ጊጋ።

ስለዚህ ሻጩን የምትጠይቁት አራት ነገር ነው፦ ሙሉ ስም ከነጅራቱ፣ የቪራም ዓይነት፣ ስንት ቢት፣ በመጨረሻ ስንት ጊጋ። የመጀመሪያውን መመለስ ካልቻለ ሦስቱን መጠየቅ አያስፈልግም።

«አይ 7 ከአይ 3 ይበልጣል»

በአንድ ትውልድ ውስጥ፣ አዎ። ከትውልድ ትውልድ ግን 3፣ 5፣ 7 የሚሉት ቁጥሮች ምንም አያወዳድሩም። ኮር አይ 7 2600 የ2011 ፕሮሰሰር ነው፣ 4 ኮር 8 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው የሥራ ሰልፎች)። ኮር አይ 3 12100 የ2022 ነው፣ እርሱም 4 ኮር 8 ትሬድ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ኮር እጅግ ፈጣን ነው፣ ራሙም ዲዲአር3 ላይ አልቀረም። ከፍጥነቱ በላይ የሚያስቸግረው ደግሞ አሮጌው ኤቪኤክስ2 የሚባለውን የትእዛዝ ስብስብ አያውቅም፤ እርሱን የሚጠይቅ ጌም ቀስ ብሎ አይደለም የሚሄደው፣ ጭራሽ አይከፈትም። ዊንዶውስ 11ም በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል።

የትውልዱን ቁጥር ማንበብ ቀላል ነው፤ በነዚህ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች ሸፍኑ፣ የቀረው ትውልዱ ነው። 2600 ሁለተኛ፣ 7700 ሰባተኛ፣ 12100 አሥራ ሁለተኛ። ራይዘን ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ራይዘን 5 4500፣ 5500 እና 5600 ሦስቱም 6 ኮር 12 ትሬድ ናቸው፤ የኤል3 ካሻቸው (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽና ፈጣን ማስቀመጫ) ግን 8፣ 16 እና 32 ሜጋባይት ነው። ጌም ካሽ ይወዳል፣ ልዩነቱም በፍሬም ይታያል።

ጅራቷን ፊደልም እዩ። ኢንቴል ላይ «ኤፍ» ያለበት ውስጠ-ግራፊክስ የለውም። ራይዘን 5 5600ም የለውም፣ 5600ጂ አለው። ካርድ ሳይገዙ በ12100ኤፍ ገጣጥመው «ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ ስክሪን አያሳይም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ማዘርቦርዱ ደህና ነው፤ ሥዕል የሚያወጣ ነገር ነው የሌለው።

«ፓወር ሰፕላይ ያው ፓወር ሰፕላይ ነው፣ ከኬዙ ጋር የመጣው ይበቃል»

በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ ነው፤ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ የሚሄደውም ይህ ነው። ጎኑ ላይ በትልቁ «650 ዋት» ተጽፎ ታያላችሁ። እርሱን ተዉትና በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ሰንጠረዥ አንብቡ። 12 ቮልት በሚለው ዓምድ ሥር 28 አምፔር ቢል 12 ሲባዛ በ28፣ 336 ዋት ነው። የዘመኑ ፕሮሰሰርና ካርድ የሚመገቡት ከዚህ መስመር ነውና ለእናንተ ዕቃው የ336 ዋት ነው። በአንጻሩ በትክክል የተሠራ 550 ዋት በ12 ቮልት ወደ 45 አምፔር ይሰጣል። የ12 ቮልት መስመሩ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ከተጻፈ አትደምሩት፤ የጣምራውን ጣሪያ የሚናገር ሌላ መስመር አለ፣ እርሱን እዩ።

ስንት ያስፈልጋል? አርኤክስ 6600 132 ዋት ይወስዳል፣ ራይዘን 5 5600 ሙሉ ጭነት ላይ 76 ገደማ፣ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ፋኖቹ አንድ ላይ 50 ብንላቸው 260 አይሞላም። ካርድ ለአፍታ ከስሙ በላይ ስለሚጎትትና ነገም ካርድ ልትቀይሩ ስለምትችሉ ጥሩ 500 ወይም 550 ዋት በቂ ነው። 750 ዋት ገዝቶ ካርዱን ማሳነስ ገንዘብን ያለ ቦታው ማዋል ነው።

የደካማ ፓወር ሰፕላይ ምልክት ግልጽ ነው፦ ዴስክቶፕ ላይ ሰላም ነው፣ ጌም ሲከፈት ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ድርግም ብሎ ይነሣል። ብዙ ሰው ዊንዶውስ እንደገና ይጭናል፤ ምንም አይለወጥም።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ የሳታ ፓወር ገመድን ወደ ካርድ 6 ፒን የሚቀይር አስማሚ አትጠቀሙ። የሳታ ማያያዣ በ12 ቮልት ከ54 ዋት በላይ እንዲሸከም አልተሠራም፣ 6 ፒን ደግሞ 75 ሊጠይቅ ይችላል። ፕላስቲኩ የሚቀልጠው ለዚህ ነው። ገመዱ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ከሆነም የሌላውን ገመድ አትሰኩበት፤ በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ቢሆንም በፓወር ሰፕላዩ በኩል የፒኖቹ አሰላለፍ ይለያያል፣ ዲስክና ማዘርቦርድ ያቃጥላል።

«80 ፕላስ ካለው ጥራት አለው።» 80 ፕላስ የሚናገረው ከግድግዳው የሚወስደውን ምን ያህል ሳያባክን እንደሚያደርስ ብቻ ነው። ስለ መከላከያ ዑደቶቹና ስለ ዕድሜው ምንም አይልም።

«ዋቱ የበዛ ብዙ መብራት ይበላል።» አይበላም፤ ኮምፒዩተሩ የጠየቀውን ብቻ ነው የሚሰጠው። ክፍሎቹ 260 ዋት ከፈለጉና ብቃቱ 85 በመቶ ከሆነ ከግድግዳው 306 ያህል ይወስዳል፣ ሳጥኑ ላይ 550 ይጻፍ 850።

«አንድ ባለ 16 ራም ይሻላል፣ ለወደፊት ቦታ ይተርፋል»

ለወደፊት ቦታ ይተርፋል፣ ዛሬ ግን ግማሹ የራም መንገድ ተዘግቶ ትጫወታላችሁ። ሁለት ባለ 8 ግዙ። ማዘርቦርዱ አራት ቦታ ካለው ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይሰካሉ፤ ጎን ለጎን መሰካት ሁለቱንም አንድ መንገድ ላይ ይጥላቸዋል። 5600ጂ ገዝታችሁ ካርድ ለኋላ የምታቆዩ ከሆነ ይህ አማራጭ አይደለም፣ ግዴታ ነው፤ ውስጠ-ግራፊክሱ ቪራም ስለሌለው የሚኖረው በራሙ ፍጥነት ነው።

ከዚያ ባዮስ (የማዘርቦርዱ የራሱ መነሻ ፕሮግራም) ግቡና (ሲነሣ ዲሊት ወይም ኤፍ2) ኤክስኤምፒን፣ ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ሴቲንግ፣ አብሩ። ካልበራ ብዙ 3200 ተብለው የተሸጡ ራሞች በ2133 ወይም በ2400 ነው የሚሠሩት። ታስክ ማናጀር ውስጥ የሜሞሪው ገጽ ፍጥነቱን ይነግራችኋል። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ማዘርቦርድ ላይ አይቀያየሩም፤ ቅርጻቸውም አይገባም፣ በጉልበት አትሞክሩ።

«ድረ-ገጹ 23 በመቶ ቦትልኔክ አለው አለኝ።» ቦትልኔክ ማለት አንዱ ክፍል ሌላውን ወደ ኋላ ሲጎትት ነው፤ እነዚያን የመቶኛ መቁጠሪያዎች ግን እርሷቸው። የትኛው ጌም፣ በየትኛው ጥራት፣ በምን ሴቲንግ እንደሆነ ሳይታወቅ እንዲህ ያለ ቁጥር ሊኖር አይችልም። ጌሙን ከፍታችሁ የካርዱን ጭነት እዩ፤ ከ95 በመቶ በላይ ከሆነ ካርዱ አቅሙን እየሰጠ ነው። የፍሬም ገደብ ሳይኖርባችሁ ጭነቱ 60 በመቶ ላይ ከተንጠለጠለ ያኔ ስለ ፕሮሰሰሩ እናወራለን።

«ጌሚንግ ማዘርቦርድ ፍሬም ይጨምራል።» አይጨምርም። ማየት ያለባችሁ ሶኬቱን፣ የራም ዓይነቱንና ባዮሱን ነው። ቢ450 ማዘርቦርድ ላይ ራይዘን 5600 የሚነሣው ባዮሱ ከታደሰ ነው፤ ሳይታደስ ከገዛችሁት ያለ ፕሮሰሰር ማደስ የሚያስችል ቁልፍ እንዳለው አረጋግጡ።

«ኤስኤስዲ ፍሬም ይጨምራል።» ጌሙን ቶሎ ይከፍታል እንጂ ፍሬሙን ብዙም አይነካውም። ኤም.2 ማለት ቅርጽ ነው፤ ያ ቅርጽ ኖሮት በሳታ ፍጥነት፣ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ፣ የሚሠራ አለ። ኤንቪኤምኢ (ከሳታ የሚፈጥነው ዓይነት) ካልተጻፈበት ሳታ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

«የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ካርድ መሰካት ነው፣ አለቀ።» አንዳንዱ ላይ ይሆናል። ቀጭን ኬዝ ከሆነ ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ነው የሚገባው። ፓወር ሰፕላዩ ብዙ ጊዜ እንደ 240 ዋት ያለ ትንሽ ሆኖ የካርድ ገመድ ስለማይኖረው ካርዱ ከስሎቱ በሚመጣው 75 ዋት መኖር አለበት፤ ጂቲኤክስ 1650 በዚያ ይኖራል፣ ግን ከአምራች አምራች 6 ፒን የሚጠይቅም አለና ፎቶው ላይ ጠርዙን እዩ። የፓወር ሰፕላይ ማያያዣውም ብዙ ጊዜ የራሱ ስለሆነ በሌላ መቀየር አይቻልም።

«144 ኸርዝ ስክሪን ገዛሁ፣ ለውጥ የለውም።» ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ መሰካቱን፣ ከዚያም በዊንዶውስ የዲስፕሌይ ሴቲንግ 60 ላይ አለመቅረቱን እዩ። ብዙዎቹ እዚያ ቀርተዋል።

«ማይኒንግ የሠራ ካርድ ሞቷል፣ ያልሠራው ደህና ነው»

ሁለቱም ግምት ነው። ለማይኒንግ (ክሪፕቶ ገንዘብ ለማውጣት) ቀን ከሌት የሠራ ካርድ መጀመሪያ የሚጎዳው ፋኑ፣ ፔስቱና የቪራሙ ፓድ (ሙቀት የሚያስተላልፉት) ነው፤ እነዚህ ይቀየራሉ። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ሐሰተኛው ነው፤ እንደ ጂቲኤስ 450 ያለ አሮጌ ቺፕ ባዮሱ ተለውጦ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ተብሎ ይሸጣል። ዊንዶውስም የተነገረውን ስም ያሳያል። ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ የቺፑን ስም፣ የኮር ብዛቱንና ቢቱን ያወጣል፣ ብዙዎቹን ሐሰተኞችም ራሱ ለይቶ ያሳያል። ቀጥሎ ካርዱን በሙሉ ጭነት የሚፈትነውን ፈርማርክን ለ15 ደቂቃ አስኪዱ፤ ሙቀቱ እየጨመረ መቆም ካቃተው፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም ባለ ቀለም መስመር ከታየ፣ ወይም አንዱ ፋን ከተንተፋተፈ ዋጋ አትከራከሩ፣ ተዉት። ሰክቶ ማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ካርድም እንደዚያው።