በከተማ ግንባታ ጌም ውስጥ የማስኬጃ ወጪ ምንድን ነው?

ሲቲስ ስካይላይንስ የተባለውን የከተማ ግንባታ ጌም አዲስ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው አንድ ቦታ ላይ ነው። መንገዱ አምሯል፣ ቤቶቹ ሰው ገብቶባቸዋል፣ ካዝናው ግን ባዶ ነው። ያኔ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ግብር መጨመር ነው። እኔ ግን ግብሩን ከመንካቱ በፊት የማስኬጃ ወጪውን እንዲያይ እመክረዋለሁ።

የማስኬጃ ወጪ ማለት አንድ ነገር ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሥራውን እንዲቀጥል በየሳምንቱ የሚከፈልለት ገንዘብ ነው። ትምህርት ቤት አለው፣ ክሊኒክ አለው፣ የውሃ ፓምፕ አለው፣ መንገዱም ሳይቀር አለው። የፌዴራል በጀት ሲጸድቅ በዜና «ካፒታል ወጪ» እና «መደበኛ ወጪ» ሲባል የሰማችሁ ሰዎች ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። የግንባታው ዋጋ አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። ማስኬጃው ግን ሕንፃው ቆሞ እስካለ ድረስ አይቀርም።

በቁጥር እንየው። ጌሙ ሲጀመር በራሱ ገንዘብ 70,000 ይሰጣችኋል። ከዚያ መብራት ያስፈልጋል። በድንጋይ ከሰል የሚሠራው ማመንጫ 19,000 ያስወጣል፤ እስከ 40 ሜጋ ዋት ይሰጣል። አንድ የነፋስ ተርባይን 6,000 ነው፤ ነፋሱ ጥሩ ከሆነ 8 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ብዙ ሰው «አንዴ ልገላገል» ብሎ ትልቁን ይገዛል። አሁን ሳምንታዊውን ወጪ ተመልከቱ። የከሰሉ ማመንጫ በየሳምንቱ 560 ይበላል። ተርባይኑ 80 ብቻ ነው። በ19,000 ሦስት ተርባይን ገዝታችሁ 1,000 ይተርፋችኋል፣ በሳምንት የምትከፍሉትም 240 ይሆናል። ጥቂት መቶ ሰው ያላት ከተማ 40 ሜጋ ዋት ምን ታደርግበታለች? ማንም የማይጠቀምበትን መብራት በየሳምንቱ እየከፈላችሁ ታበራላችሁ ማለት ነው። የከሰሉ ጭስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ ፖሊስ ጣቢያውም በዚሁ ሒሳብ ነው የሚታዩት። ጌሙ አዲስ ሕንፃ በከፈተላችሁ ቁጥር ወዲያው መሥራት ያጓጓል። ግን ነዋሪው ሳይጠይቀው የተሠራ አገልግሎት ቀስ እያለ ካዝናውን ያደርቃል። ስለዚህ ከስክሪኑ ግርጌ ካሉት ሁለት ቁጥሮች ዓይናችሁን ማሳረፍ ያለባችሁ በሳምንታዊው ላይ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ገንዘብ ብዙ ሆኖ ሳምንታዊው ከዜሮ በታች ከወረደ፣ የምትበሉት ከተቀመጠው ላይ ነው።

ግብሩስ? ሲጀመር 9 በመቶ ነው፤ ከ1 እስከ 29 ድረስ መለወጥ ይቻላል። እስከ 12 በመቶ ገደማ ሰዉ ብዙም አያጉረመርምም። ከዚያ ካለፈ ቺርፐር ላይ፣ ማለትም ነዋሪዎቹ መልእክት በሚለጥፉበት የጌሙ ማኅበራዊ ገጽ ላይ፣ ስሞታው ይጀምራል። ቤት የሚፈልገው ሰው ቁጥር ይቀንሳል፣ ቆይቶም ያለው ነዋሪ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ያን ጊዜ ከጥቂት ሰው ብዙ ግብር እየሰበሰባችሁ ገቢያችሁ ይወርዳል።

ከፍ ያለ ገቢ የሚመጣው ቤቶቹ ደረጃቸው ሲጨምር ነው። የመኖሪያ ቤት ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። ደረጃው የሚያድገው ደግሞ ነዋሪው ሲማርና የመሬቱ ዋጋ ሲጨምር ነው። ለዚህ ነው ገንዘብ ሲያጥር የትምህርት በጀትን መቁረጥ የማልወደው። የአገልግሎቶችን በጀት ከ50 እስከ 150 በመቶ ማስተካከል ይቻላል፤ ትርፍ መብራት ካላችሁ እሱን ቀንሱ። ግን በጥንቃቄ ይሁን፤ ምርቱ ከወጪው ይልቅ በፍጥነት ይወርዳል። ብድርም አለ። ክፍያው በየሳምንቱ ስለሆነ እሱም እንደ ሌላው ማስኬጃ ይቆጠራል። ገቢ የሚያመጣ ነገር ለመሥራት ካልሆነ አትውሰዱት።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ሲምሲቲ የተባለ ሌላ የከተማ ግንባታ ጌም ላይ ግብር የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ነበር። አሪፍ ነን የሚሉ ተጫዋቾች ዓመቱን ሙሉ ግብሩን ዜሮ አድርገው፣ የጌሙ ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ወደ ጣሪያው ወደ 20 በመቶ ይሰቅሉት ነበር። ሲቲስ ስካይላይንስ ሒሳቡን በየሳምንቱ ስለሚያደርግ እንዲህ ያለ ብልጠት አይሠራም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ምክንያቱ ስለማይገባው ጌሙ የተበላሸ ይመስለዋል። ሰፊ ሰፈር በአንድ ጊዜ ብትከፍቱ የሚገባው ሰው በሙሉ ወጣት ነው፣ ዕድሜውም ተቀራራቢ ነው። አብሮ ስለገባ አብሮ ያረጃል፣ አብሮም ይሞታል። ተጫዋቾች «የሞት ማዕበል» ይሉታል። የአስከሬን መኪኖች አይበቁም፣ አስከሬን ያልተነሣላቸው ቤቶች ባዶ ይቀራሉ፣ ግብሩም ከእነሱ ጋር ይጠፋል። ማስኬጃው ግን አይቀንስም፤ ትምህርት ቤቱ ግማሽ ተማሪ ቢኖረውም ያንኑ ይከፈለዋል። መፍትሔው ሰፈሩን ቀስ በቀስ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መክፈት ነው። ለክፉ ቀን የሚሆን ገንዘብ ካዝና ውስጥ ማቆየትም የግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የወጣው ሁለተኛው ሲቲስ ስካይላይንስ ላይ ይህ ሁሉ ጭንቀት ቀርቶ ነበር። ከተማዋ ስትከስር የመንግሥት ድጎማ እየገባ ጉድለቱን ይሸፍን ነበር። ገንዘብ ማስተዳደር ትርጉም አጣ ብለው ብዙ ተጫዋቾች ቅሬታ አሰሙ። ጌሙን የሠራው የፊንላንዱ ኩባንያ ኮሎሳል ኦርደር በሰኔ 2024 ባወጣው ማሻሻያ ድጎማውን አነሣው። እኔ በውሳኔው በጣም ነው የተደሰትኩት። ድጎማው እያለ ትምህርት ቤት የት እንደሚሠራ እንጂ መቼ እንደሚሠራ ማሰብ አያስፈልግም ነበር፤ ለእኔ ደግሞ የጌሙ ትልቁ ጣዕም ያ «መቼ» ነው።