ጅብራ፦ የውርጭ ምድር አበባ

ጅብራ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም በዱር የማይበቅል የተራራ አበባ ነው። ሳይንሱ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም ይለዋል። ቤቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሰሜን ተራሮች፣ ባሌ፣ መንዝ ጓሳና ሌሎችም ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ይገኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከሰሜን ተራሮች ናሙና ወሰደ። አገሩ ጀርመን ያለው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬዜኒየስ ደግሞ በ1838 በሳይንስ መዝገብ አሰፈረው። የሰሜን እረኛ መቼም ጅብራን ለማወቅ ሩፔልን አልጠበቀም።

ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይኖራል። ደጋው ላይ ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ሲመሽ ቅጠሎቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው እንደ ጥቅል ጎመን ይሆናሉ። መሃል ያለው ለጋ እምቡጥ ከብርዱ የሚተርፈው በዚህ ነው። አንድ ቀን ከመሃሉ ረጅም የአበባ ዘንግ ይወጣል። ከነግንዱ ሲለካ ከ5 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የአበባ ማር የሚቀስሙ ትንንሽ ወፎች ዘንጉ ላይ እየተንጠለጠሉ ይመገባሉ። ከዚያ ብናኝ የሚያህል ዘሩን በትኖ ይሞታል። ሁለተኛ ዙር የለውም። ሳያብብ የተቆረጠ ጅብራ እንግዲህ ዘር ሳይተካ ቀረ ማለት ነው።

በጥበቃው ታሪክ በደንብ የተጻፈለት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1969 በሕግ ተቋቋመ። በ1978 ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ይህ ቀላል ክብር አይደለም። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። እርሻውና ግጦሹ እየገፋ፣ ዋልያውም እየተመናመነ ነበር። በ2016 ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ዝውውሩ ምን ያህል በፈቃደኝነት እንደነበር ያከራክራል። የግጭ ሜዳ ማገገሙ ግን አያከራክርም። በ2017 ፓርኩ ከዝርዝሩ ወጣ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ደግሞ በ2019 የበልግ ወራት ሰደድ እሳት ተነሳ። ሕዝቡ ቅጠል ይዞ ወጣ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል።

ትልቁ ስጋት ሙቀቱ ነው። በ2016 የወጣ ጥናት እስከ 2080 ድረስ ለጅብራ ከሚመቸው መሬት የሚተርፈው በአማካይ 3.4 በመቶ ብቻ እንደሆነ ይገምታል። ያም በአራት ተራሮች አናት ላይ የተበጣጠሰ ነው። ሙቀት ሲጨምር የደጋ ተክል ሽሽቱ ወደ ላይ ነው። ከራስ ደጀን በላይ ግን መሬት የለም።

ግጦሹንና ቆረጣውን በተመለከተ መንዝ ጓሳ ጥሩ ልምድ አለው። እዚያ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣል፤ ጓሳው ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ከዚያ ለአጨዳ ይከፈታል። ከአብዮቱ በኋላ ቄሮ ቢፈርስም፣ ነዋሪው መልሶ ተደራጅቶ ዛሬ ጓሳውን በማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታነት ያስተዳድራል።