አሰር ምንድን ነው? ጎመንስ ለኮሌስትሮልና ለስኳር የሚረዳው እንዴት ነው?

እቴቴ ስኳርም ኮሌስትሮልም አለባቸው። ሰሞኑን ደሴ ቤታቸው ብሄድ፣ ጎመን ፈጭተው በወንፊት አጥልለው አረንጓዴውን ውሃ በብርጭቆ ይዘዋል። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ለዶሮዎቹ ሊደፉት ነበር። «እቴቴ፣ የሚጠቅምዎትማ እሱ ነው!» አልኳቸው።

እሱ አሰር ይባላል። ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት ውስጥ ሆዳችን ፈጭቶ ሊጨርሰው የማይችለው ክፍል ነው። አንዱ ዓይነት ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ የሆድ ድርቀትን ይከላከላል። የሚሟሟው ግን ውሃ ሲያገኝ እንደ ተነከረ ተልባ ይዝለገለጋል። ጎመን ሁለቱም አሉት።

ጉበት ሐሞትን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። የሐሞቱ አሲድ አንጀት ገብቶ ቅባቱን ካላላ በኋላ 95 በመቶ ያህሉ ተመልሶ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ አሰር ሲኖር ግን ከፊሉ ተይዞ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ጉበትም የጎደለውን ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል። «መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል የሚቀንሰው እንዲህ ነው።

ለስኳርም ያው ዝልግልግ ነገር ነው የሚሠራው፤ የእንጀራው ስኳር በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። ጎመኑን ቀድሞ በልቶ እንጀራውን ማስከተል፣ እንጀራውንም ማሳነስ የበለጠ ይረዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል። 100 ግራም የበሰለ ጎመን የሚሰጠው 4 ግራም ገደማ ነው፤ ብቻውን አይሞላውም። ምስሩ፣ ባቄላው፣ በተለይም የወረኢሉና የለጋምቦ ደጋ ገብስ ይታከልበት። ገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለው የሚሟሟ አሰር በቀን 3 ግራም ሲደርስ ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስ በደንብ ተረጋግጧል።

ጎመኑን ግን ቅቤ ካጥለቀለቅነው ድካማችን ከንቱ ነው። ኪኒንም አይተካም፤ እቴቴን አጥብቄ የለመንኳቸው የስኳር ኪኒናቸውን፣ ሜትፎርሚንን፣ እንዳያቋርጡ ነው። ደም ለማቅጠን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ጎመን በድንገት ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል።