ገመናና አገር፦ የቤት ሰው መጉደል በኢትዮጵያ ልብ ወለድና ፊልም

ገመና ማለት በር ተዘግቶ የሚነገር፣ ጎረቤት እንዳይሰማው የሚፈራ የቤት ጉዳት ነው። የኢትዮጵያ ደራስያንና የፊልም ሠሪዎች ስለ አገር ማውራት ሲያምራቸው ብዙውን ጊዜ የሚከፍቱት ይህንኑ በር ነው። ስለ ንጉሥ፣ ስለ ጦርነትና ስለ አብዮት የሚተርከው ሥራ ሲገለጥ ውስጡ ከአንድ ቤት የጎደለ ሰው ይገኛል፦ የተማረከ አባት፣ ለስለት የተሰጠ ልጅ፣ በአፈሳ የተወሰደ ወንድም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ተከታታይ ድራማም «ገመና» ነበር ስሙ።

ነገሩ የተጀመረው ከመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ ዛሬ ሰው የሚያውቀው በዋናዋ ባለ ታሪክ ስም «ጦቢያ» በሚለው ነው። አባት በጦርነት ይማረካል፤ ቤቱ ይፈርሳል፤ ወንድሟ የአባቱን ውለታ ለመመለስ ወጥቶ በባርነት ይወድቃል፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። «ጦቢያ» ደግሞ በሰው አፍ ኢትዮጵያም ናት። ስለዚህ ቤተሰቧ የተበተነባት ልጅ አገሪቱ ራሷ ናት ብለው የሚያነቡ ብዙ ናቸው። ንባቡ ያስኬዳል፤ ሆኖም ደራሲው በኋላ ከፋሺስት ኢጣልያ ጎን መቆማቸው ሲታወስ አንባቢን ትንሽ ይቆረቁራል።

ከ58 ዓመት በኋላ ሌላ ልጅ እንዲሁ ልብስ ቀይራ ከቤት ወጣች። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ሰብለ ወንጌል እንደ መነኩሴ ለብሳ ከፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ጠፍታ በዛብህን ፍለጋ ትሄዳለች። መጽሐፉ የፍቅር ታሪክ ተብሎ ቢወራለትም ችግሩ የሚጀምረው ከፍቅሩ በፊት፣ ከድሃ ቤት ነው። የበዛብህ እናትና አባት፣ ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ፣ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። በፍቅር የተሳሉት ስለት ልጁ ሲያድግ የማይፈታ እስራት ይሆንበታል። በሌላው ወገን ፊታውራሪ «ዘር» እያሉ ሴት ልጃቸውን ያለ ባል ያስቀራሉ። ሁለቱም ቤቶች ልጆቻቸውን ይወዳሉ፤ ሁለቱም ያጠፏቸዋል። የባላባቱን ሥርዓት በነገር የሚሸነቁጠው ጉዱ ካሣ «እብድ» የተባለው ይህን ስለተናገረ ነው፤ እሱም የሩቅ ሰው ሳይሆን የዚያው ቤት ዘመድ ነው።

ልብ ወለዱ ከአንባቢ አልፎ ማንበብ ወደማይችለው ሰው የደረሰው በሬዲዮ ነው። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ፕሮግራም ሲተርከው፣ ሬዲዮ ያለበት ቤት ጎረቤቱን ሁሉ ይሰበስብ ነበር። የፊታውራሪን ቁጣና የጉዱ ካሣን ሽሙጥ ብዙ ሰው ዛሬም የሚሰማው በወጋየሁ ድምፅ ነው።

ፊልም ዘግይቶ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይታይበት የነበረውን ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሲሸሸው ቆይቶ፣ የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም በ1957 ዓ.ም. ገደማ ወጣ። ርዕሱ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው። አገሪቱ በሲኒማ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ የአባት ጥያቄ መሆኑ ለዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ሁልጊዜ ይገርመዋል። ቀጥሎ የመጣው «ጉማ» ደግሞ የደም ካሳን ልማድ ያነሳል፤ ዛሬ ዓመታዊው የፊልም ሽልማት የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

በደርግ ጊዜ ቃላቱ ራሳቸው ተጣሉ። መንግሥት «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» ይላል፤ የወለደች እናት ደግሞ ልጇን ከአፈሳ ትደብቃለች። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ብዙ ቤት ያወቀው ይህን ነው። ደራሲ በዓሉ ግርማ ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ «ኦሮማይ»ን ያሳተመው በዚያው ዓመት ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። መኪናው በቃሊቲ መንገድ ቆሞ ተገኘ። ልብ ወለድ ሲተርከው የኖረው የቤት ሰው መጉደል በደራሲው ቤት ደረሰ።

ያንን ዘመን በፊልም በደንብ የያዙት ጎንደር ተወልደው በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኃይሌ ገሪማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ የበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ንጉሣዊው ሥርዓት በሚወድቅበት ወቅት በሁለት ሳምንት ያህል የተቀረጸ፣ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብን ኑሮ የሚከተል ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱም በቡርኪና ፋሶ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» ግን ይበልጣል። ጀርመን ተምሮ አንድ እግሩን አጥቶ የተመለሰው አንበርብር ጣና አጠገብ ያለ መንደሩ ሲደርስ የመንደሩ ወጣቶች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ያድራሉ። እናቱ ልጇ በመመለሱ ትደሰታለች፤ የተመለሰው ግን ያ የሄደው ልጅ አይደለም። ፊልሙ ስለ አብዮቱ ብዙ ይከራከራል፤ የሚነካው ግን ክርክሩ ሳይሆን እናትየዋ ዝም ብላ የምታየው ነው።

ከቅርብ ጊዜዎቹ «ድፍረት» (እ.ኤ.አ. 2014) ጠለፋን ከቤተሰብ ሽምግልና አውጥቶ ፍርድ ቤት ያቆመዋል። በዓመቱ የወጣው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱን በድርቅ ያጣውን ኤፍሬምን አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ ከእናቱ የቀረችው አንዲት በግ ናት፤ የተረፈው ሙያም ወጥ መሥራት። አጎቱ ይህን አይችልም። ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ሲቀመጥ፣ በጓም ለበዓል ስትታጭ፣ «ወንድ ማነው?» የሚለው የአገር ጥያቄ በአንድ ድስት ዙሪያ ይፋጃል። ከድርቅ ፊልሞች ሁሉ የሚለየውም ረሃብን በምግብ ጣዕም በኩል መናገሩ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የማን አገር ነው? የጥንቶቹ የአማርኛ ልብ ወለዶች ቤት ባብዛኛው የሰሜን ደጋ፣ የኦርቶዶክስ ቤት ነው። የኦሮሞው፣ የደቡቡ፣ የአርብቶ አደሩ ጓዳ ሲታይም በእንግዳ ዓይን ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎች የሚጻፈው መብዛቱ ምስሉን እየቀየረው ነው፤ አንድ አገር የሚለው ቃልም ከበፊቱ ይልቅ አከራካሪ ሆኗል።

በስደት የሚጻፈው ደግሞ የተዘጋውን በር ከውጭ ያንኳኳል። በእስራኤል የምትሠራው ዓለምወርቅ ዳቪድያን «የበለስ ዛፍ» በተሰኘ ፊልሟ (እ.ኤ.አ. 2018) በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ወደ እስራኤል ለመሄድ የምትጠባበቅ አይሁዳዊት ልጅን ታሳያለች፤ የምትወደው ክርስቲያን ጎረቤቷ ከአፈሳ ተሸሽጎ ዛፍ ላይ ይውላል። መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ አብዮቱን በአንድ ሐኪምና በሁለት ወንዶች ልጆቹ በኩል ትተርካለች። የዲናው መንግሥቱ ልብ ወለድ ባለ ታሪክ ሰፋ አባቱ በወታደሮች ከተገደለ በኋላ ተሰዶ ዋሽንግተን ውስጥ ገበያ የራቀው ሱቅ ይጠብቃል። አጎቱ አዲስ አበባ ሀብታም ነበሩ፤ አሁን ኢትዮጵያውያን በሞሉበት ሕንፃ ውስጥ ይኖራሉ፤ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችም ደብዳቤ ይጽፋሉ። ሰፋ አጎቱ በሌሉበት ሰዓት ቤታቸው ገብቶ ደብዳቤዎቹን ያነባል።