በጣት የሚስፈነጠር የሰሌዳ ጨዋታ ከትንሽ ልጅ ጋር፦ በደሴና በኮምቦልቻ

ጠጠርን በጣት እያስፈነጠሩ ሰሌዳ ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ ብዙ ዓይነት አለው። በዓለም ላይ ስማቸው የሚነሳው የህንዱ ካሮምና የካናዳው ክሮኪኖል ናቸው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ደግሞ ያንኑ ሥራ ቆርኪ ይሠራዋል። ስለ ገበጣና ስለ ዳማ የተጻፈ ነገር አይጠፋም። አራትና አምስት ዓመት ከሆነው ልጅ ጋር ቆርኪ ስለማስፈንጠር ግን በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ጽሑፍ ማግኘት ይከብዳል። እዚህ የቀረበው ከሁለቱ ጨዋታዎች ደንብና በአካባቢያችን ከሚታየው ልማድ የተለቀመ ነው።

አካባቢው

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይዘው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ኮምቦልቻ ይደርሳሉ። እሷ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ልዩነቱ ጨዋታው ላይም ይታያል። ደሴ በክረምት ዝናቡና ጭጋጉ ልጅን ቤት ያውለዋል፤ ሰሌዳውም ወለል ላይ ይዘረጋል። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለምትል ደጅ፣ ጥላ ሥር መጫወት ይቻላል። የወሎ ቡና ደግሞ ጊዜ ይሰጣል። ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ትልልቆቹ ሲጨዋወቱ ልጅ ይሰለቻል። ያኔ ሰሌዳ ማውጣት ነው። ከከሰሉና ከጀበናው ግን ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ታሪክ

በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው የክሮኪኖል ታሪክ ነው። እስካሁን ከታወቁት ሰሌዳዎች ሁሉ የመጀመሪያው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። የሠራው ካናዳ ውስጥ፣ በኦንታሪዮ ግዛት ፐርዝ በሚባል አካባቢ የሚኖር ኤክሃርት ዌትላውፈር የተባለ የእጅ ባለሙያ ነበር። ሰሌዳውን ለልጁ ለአዳም የአምስተኛ ዓመት ልደት ስጦታ አድርጎ እንደሠራው ይነገራል። ስለዚህ ይህ ጨዋታ ከመነሻው የትንሽ ልጅ ነበር ቢባል አያስዋሽም። ያ ሰሌዳ ዛሬ ኪችነር ከተማ በሚገኝ ጆሴፍ ሽናይደር ሃውስ በተባለ ሙዚየም ተቀምጧል። ጨዋታውን ሜኖናይትና አሚሽ ከሚባሉት ክርስቲያኖች ጋር የሚያያይዙም አሉ። ካርታ ለማይወዱ ቤተሰቦች ነውር የሌለበት መዝናኛ ስለነበር ነው ይባላል። የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ታቪስቶክ በምትባል ትንሽ የኦንታሪዮ ከተማ ይካሄዳል።

የክሮኪኖል ሰሌዳ ክብ ነው። መሐሉ ላይ ጎድጎድ ያለች ትንሽ ቀዳዳ አለች። እዚያ የገባ ጠጠር 20 ነጥብ ያስገኛል። በዙሪያዋ ያሉት ሦስት ክቦች ከውስጥ ወደ ውጭ 15፣ 10 እና 5 ይሰጣሉ። የ15ቱን ክብ ስምንት ትንንሽ ዘንጎች ይጠብቁታል። ሁለት ሰው ሲጫወት ለእያንዳንዱ 12 ጠጠር ይደርሰዋል። የተቃራኒው ጠጠር ሰሌዳው ላይ ካለ የግድ እሱን መንካት አለብህ። ጨዋታውን ጨዋታ ያደረገው ይህ ደንብ ነው።

ካሮም የህንድ ነው፤ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑም እ.ኤ.አ. በ1988 እዚያው ተቋቋመ። ሰሌዳው አራት ማዕዘን ነው፤ በየጥጉ ቀዳዳ አለው። ዘጠኝ ነጭ፣ ዘጠኝ ጥቁርና አንድ ቀይ ጠጠር አለው። ቀዩ ንግሥት ይባላል። ጠጠሮቹ የሚመቱት ከበድ ባለ ሌላ ጠጠር ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ብይና ቆርኪ የደሴን ልጆች ጣት ሲያሠለጥኑ ኖረዋል። ከረምቡላ ቤቱን ብዙ ሰው ከጣሊያን ጊዜ ጋር ያያይዘዋል፤ ሊሆን ይችላል።

ቆርኪው

ቆርኪ ከዚህ ጨዋታ ጋር እንዲህ የሚገጥመው በአጋጣሚ ነው፤ ግን ልክክ ይላል። ዊልያም ፔይንተር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ይህ ክዳን ዛሬ 21 ጥርስ አለው። ስፋቱ 3.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የካሮምና የክሮኪኖል ጠጠርም እንዲሁ 3.2 ገደማ ነው። የክሮኪኖል ቀዳዳ 3.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ቆርኪ ሰተት ብሎ ይገባበታል። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናትና የቆርኪ ችግር የለባትም። ቢራ ለማይገባበት ቤት ደግሞ የአምቦ ውኃና የለስላሳ ቆርኪ ከበቂ በላይ ነው።

ጉድለቱ ቅለቱ ነው። የካሮም ጠጠር አምስት ግራም ያህል ይመዝናል፤ ቆርኪ ግን የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሲመቱት ይዘላል፣ ይገለበጣል። መፍትሔው ትልቅ ሰው ሻማ አቅልጦ ውስጡን መሙላት ነው። ሲደርቅ ይረጋል፤ ለስላሳው ጀርባው ወደ ታች ሆኖ ጥሩ ይንሸራተታል። ጥርሱ የተጣመመውን መጣል ይሻላል፤ የልጅ ጣት ይቆርጣል። ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ቆርኪ ፈጽሞ አይሰጥም። አፉ ውስጥ ከገባ ያንቀዋል።

ሰሌዳው

አናጢ ቤት የተራረፈ ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ጎኑ 66 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የክሮኪኖልን ልክ ይይዛል። መሐሉ ላይ ምስማር ተክሎ፣ ክር አስሮ፣ በ10፣ በ20 እና በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሦስት ክብ መሳል ነው። ምስማሩ ከተነቀለ በኋላ ቀዳዳዋን አናጢው ይሠራታል። ካልተቻለ በጠመኔ ትሳል። ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ከዚያ ሻማ ይታሽበትና በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ካሮም ተጫዋቾች ሰሌዳው ላይ የቦሪክ አሲድ ዱቄት ይነሰንሳሉ። ልጅ ባለበት ይህን አታድርጉ፤ ከተዋጠ መርዝ ነው። ሻማው ይበቃል።

ከልጅ ጋር

ሦስት ዓመት ከግማሽ አካባቢ ያለ ልጅ ገና አያስፈነጥርም፤ ይገፋል። ይግፋ። አመልካች ጣቱን በአውራ ጣቱ ይዞ መልቀቅ የሚለምደው ቀስ ብሎ ነው። ብዙ ወላጆች እጁን ይዘው ሊያስተካክሉት ይሞክራሉ። ከዚህ ይልቅ ፊት ለፊቱ ደጋግሞ መጫወቱ ይሻላል፤ ልጅ የሚያየውን ይሠራል። በአራት ዓመት ገደማ ጣቱ ይፈታል። ያኔ ተራ መጠበቅ ከማነጣጠር በላይ ይከብደዋል። «የኔ ተራ ነው!» ብሎ እጁን ሰሌዳው ላይ ያሳርፋል። እያንዳንዱ ሰው ከመታ በኋላ ቆርኪ ጣሳውን ለሌላው እንዲያቀብል ማድረግ ይረዳል። ጣሳውን የያዘው ይመታል፤ ክርክር የለም።

ነጥቡ ይቀነስ። 20፣ 15፣ 10 እና 5 ለትንሽ ልጅ ብዙ ነው። 4፣ 3፣ 2 እና 1 ይሁን፤ በጣቱ ቆጥሮ ይደምረዋል። ለእያንዳንዱ አምስት ቆርኪ ይበቃል፤ 12ቱ ያደክመዋል። ያንዱን የኮካ፣ የሌላውን የሚሪንዳ ብታደርጉት ቀለሙን ለይቶ ያውቃል። ሲስት «አብሽር!» ማለት ነው። ወሎዬ ልጅ ይህችን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይፈካል።

ትልቁ ሰው ሆን ብሎ ይሸነፍ ወይስ አይሸነፍ የሚለው ያከራክራል። መሸነፍ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ልጁ እንዳይከፋው። በእኔ እምነት ግን ልጅ ሲታለል ያውቃል። ደንቡን ማስተካከል ይበልጣል። ትልቁ ሰው በግራ እጁ ከ30 ሴንቲ ሜትሩ መስመር ይምታ፤ ግራኝ ከሆነ በቀኙ። ልጁ ከ20ው ይምታ። ከዚያ ሁለቱም የምራቸውን ይጫወታሉ፤ ያሸነፈም አሸነፈ ነው።

ልጁ በተከታታይ ማሸነፍ ሲጀምር መስመሩ ወደ 25 ይሸሻል፣ ቀጥሎ ወደ 30። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነው የግድ መንካትን ደንብ መጨመር ይቻላል። ስምንቱን ዘንጎች ግን ከዚያ በኋላ ተክሉ፤ ቆርኪው እየነጠረ ሲመለስ ትንሹን ልጅ ያናድደዋል።